በዩኒቨርሲቲ የፖላንድ ባህል ማኅበርን ስለመምራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የፖላንድ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ገሚሶቹ ማኅበሩን ሊረከቡ የተዘጋጁ ተማሪዎች ናቸው። የቀሩት የራሳቸውን የሀበሻ ማኅበር ሊከፍቱ ያሰቡና «እነዚያ እንዴት ነው የሚሠሩት?» የሚሉ ልጆች ናቸው። ጥያቄው ስለሚመሳሰል መልሱን አንድ ላይ አስቀመጥኩት። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሀበሻ የፖላንድ ማኅበር ውስጥ ምን ይሠራል?

የገባሁት ለምግቡ ነው። የቀረሁት ደግሞ ደረሰኝ የሚሰበስብ ሰው ስለጠፋ። የተማሪዎች ኅብረት፣ ማለትም ዩኒየኑ፣ የሚያውቃቸው ማኅበራት በአብዛኛው ለማንኛውም ተማሪ ክፍት መሆን አለባቸው። ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ፖላንዳዊ ፍቅረኛ ስላለው የሚመጣ አለ። ዋርሶ ለሥራ ሊሄድ አስቦ ቋንቋ የሚለማመድ አለ። ፒየሮጊ የሚባለውን በውስጡ የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ ወዶ የሚመጣ ደግሞ ሞልቷል።

ታዲያ አባላቱ እነማን ናቸው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የማኅበሩ ጠብም ጣዕምም ከዚህ ነው የሚመነጨው።

አንዳንዶቹ እዚያው ፖላንድ አድገው፣ ማቱራ የሚሉትን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ወስደው የመጡ ናቸው። የአገራቸውን ወሬ በየቀኑ ይከታተላሉ። ቀልዳቸው ትኩስ ነው።

ሌሎቹ የ2004 ልጆች ናቸው። ፖላንድ የአውሮፓ ኅብረት የገባችው ሜይ 1 ቀን 2004 ነው። ከነባሮቹ አባል አገሮች መካከል የሥራ ገበያቸውን ወዲያው የከፈቱት ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ። ሕዝቡም ወደዚህ ጎረፈ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 612,000 ያህል ሰው ዋና ቋንቋዬ ፖላንድኛ ነው ብሏል። ያኔ ለሥራ የመጡት ሰዎች ልጆች አሁን ዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የፖላንድኛ ትምህርት ቤት እየተጎተቱ ያደጉ ናቸው። ቤት ውስጥ ፖላንድኛ፣ በር ሲከፈት የሊድስ እንግሊዝኛ። ዋሽንግተን ያደገ የሀበሻ ልጅ ይህን ኑሮ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የድሮዎቹም አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸው በሶቪየት ጥላ ሥር ስትወድቅ አንመለስም ያሉ ወታደሮች ነበሩ። የብሪታንያ ፓርላማ እዚሁ እንዲኖሩ በ1947 ሕግ አወጣላቸው። የእነሱ የልጅ ልጆች ስማቸው በ«ስኪ» ያልቃል፤ ፖላንድኛቸው ግን ከአያታቸው ጸሎት አይዘልም።

ከፖላንድ በቀጥታ የመጡት እዚህ ያደጉትን ልጆች ፖላንድኛ ሰምተው ፈገግ ይላሉ። እነዚያ ደግሞ ፈገግታውን ያዩታል። ማንም አፍ አውጥቶ «አንተ እውነተኛ አይደለህም» ባይልም ነገሩ ይገባል። ከዚያ የተነካው ልጅ ሁለተኛ አይመጣም። ኮሚቴው ከሁለቱም ወገን ሰው ካልያዘ ማኅበሩ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ የአንድ ቡድን መጠጫ ይሆናል።

ብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ፣ ሚዛኑን ቀይሮታል። ከ2021/22 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ የሚመጣ ተማሪ፣ አስቀድሞ እዚህ የነዋሪነት መብት ከሌለው በስተቀር፣ እንደ ውጭ አገር ተማሪ ይከፍላል። የመንግሥት የትምህርት ብድሩም ቀርቷል። ከዋርሶና ከክራኮቭ በቀጥታ የሚመጣው ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ። የዛሬው ማኅበር ትከሻ እዚህ ያደጉት ልጆች ናቸው። ፕሮግራማችሁን ስታወጡ ይህን አትርሱ።

ማኅበር ለመክፈት ምን ያስፈልጋል?

ከግቢ ግቢ ይለያያል። በአብዛኛው ዩኒየኑ የሚፈልገው ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የዓመት ዕቅድና ሦስት ኃላፊዎች ነው፦ ፕሬዚዳንት፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ። ደንቡን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ዩኒየኑ የተዘጋጀ ናሙና አለው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ምናልባት ማኅበሩ አለ፣ ግን ተኝቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረና ሰው አጥቶ የቆመ ማኅበርን መቀስቀስ አዲስ ከመክፈት ይቀላል። የኢንስታግራም ገጹ ከነተከታዮቹ ሊገኝ ይችላል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ተመርቆ ሄዶ ካልሆነ ማለቴ ነው።

ኮሚቴው ውስጥ ማን ይግባ?

ከሦስቱ ሌላ የዝግጅት ኃላፊና የማኅበራዊ ሚዲያ ሰው ይበቃሉ። አሥራ አንድ ሰው ያለው ኮሚቴ አይቼ አውቃለሁ፤ ሥራውን የሚሠሩት ያው ሦስት ናቸው። ገንዘብ ያዡ የፕሬዚዳንቱ የልብ ጓደኛ ባይሆን እመርጣለሁ። «ይህ ወጪ ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ ትንሽ ርቀት ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከአባልነት ክፍያ፣ ከቲኬት ሽያጭ፣ ከዩኒየኑ ድጎማና ከስፖንሰር። የአባልነት ክፍያው ጥቂት ፓውንድ ነው፤ በእሱ ብቻ የሚኖር ማኅበር የለም። ትልቅ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ዋርሶ ወይም ቭሮትስዋፍ ቢሮ ያላቸው የፋይናንስና የአማካሪ ድርጅቶች ሁለት ቋንቋ የሚናገር ምሩቅ ይፈልጋሉ። እነሱን ለሥራ ገለጻ ጋብዙና ክፍያ ጠይቁ። ትንሽ ከተማ ከሆነ የሰፈሩ የፖላንድ ሱቅ ይሻላል። ገንዘብ ባይሰጥ ቋሊማና ጎመን ይሰጣል። በምትኩ ሎጎውን ፖስተራችሁ ላይ አድርጉለት፣ ጥር ላይም ሄዳችሁ አመስግኑት። የሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ በዚያ ምስጋና ነው የሚበላው።

የፖላንድ ቆንስላዎች ለንደን፣ ማንቸስተር፣ ኤድንብራና ቤልፋስት አሉ። የእናንተን ክልል የሚያየው የትኛው እንደሆነ እወቁና ገና በመጀመሪያው ወር ራሳችሁን አስተዋውቁ። ተናጋሪ እንግዳ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ከእነሱ መጠየቅ ይቻላል።

ገንዘቡ የሚቀመጠው ዩኒየኑ በሚይዘው ሂሳብ ነው። በማንም ተማሪ የግል ባንክ የቲኬት ገንዘብ አትቀበሉ፤ ታማኝ ቢሆንም። አንድ ሰው ከኪሱ ከገዛ ደረሰኝ ያመጣል። ደረሰኝ ከሌለ ገንዘቡም የለም።

በዓመቱ ውስጥ የትኞቹ ዝግጅቶች የግድ ናቸው?

የግድ የሚባል የለም፤ ሰው የሚጠብቃቸው ግን አሉ። ዓመቱ የሚጀምረው በአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ሳምንት ነው። ጠረጴዛ ይሰጣችኋል። ባንዲራ ብቻ ዘርግታችሁ አትቀመጡ። ክሩፍኪ የሚባለውን የወተት ከረሜላና ፕሪንስ ፖሎ ዋፈርን አስቀምጡ። ፖላንዳዊ ተማሪ ከሩቅ አይቶት ይመጣል፤ ሌላው ጣፋጭ ስለሆነ ይመጣል።

ኖቬምበር 11 የነጻነት ቀን ነው። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተከፋፍለዋት ለ123 ዓመት ከካርታ የጠፋችው አገር በ1918 ተመልሳ የቆመችበት። በዚያው ወር መጨረሻ፣ በ29ኛው ሌሊት፣ አንጄይኪ አለ። የቀለጠ ሰም በቁልፍ ቀዳዳ አሳልፈው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያፈሳሉ። የረጋውን ቅርጽ ወደ ግድግዳ ያነሡና በጥላው ዕድል ይገምታሉ። ርካሽ ነው፣ ሰው ያስቃል፣ የማይተዋወቁትን ያቀራርባል። ችግሩ እሳት ነው። ብዙ ሕንፃዎች ውስጥ ሻማ ክልክል ስለሆነ ሰሙን በኤሌክትሪክ ምድጃ አቅልጡ፤ የአደጋ ግምገማ ቅጹንም ቀደም ብላችሁ ሙሉ።

ጥር ላይ ታላቁ የገና የበጎ አድራጎት ኦርኬስትራ አለ። ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ለሆስፒታል መሣሪያ ገንዘብ የሚሰበስብ ትልቅ ዘመቻ ነው። ውጭ አገር ያሉ ፖላንዳውያንም ይሳተፋሉ። የልብ ቅርጽ ያለው ቀይ ተለጣፊያቸውን ያላየ ፖላንዳዊ አላገኘሁም።

ከሁሉ አትራፊው ግን ወፍራም ሐሙስ ነው። የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ረቡዕ ይገባል። ከዚያ በፊት ያለው የመጨረሻ ሐሙስ የእነሱ ቅበላ ነው። ፖንችኪ የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ የጽጌረዳ ማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ ይበላል። ከፖላንድ ዳቦ ቤት በብዛት አዝዛችሁ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቁሙ። ከሰዓት በኋላ የሚተርፍ አይኖርም።

ሜይ 3 የ1791 ሕገ መንግሥት ቀን ነው። ፈተና ስለሚደርስ አጭር ዝግጅት ይበቃል። የፋሲካ ማግስት ሰኞ ውሃ የሚራጩበት ሽሚጉስ ዲንጉስ በእረፍት ላይ ይውላል፤ እኔ በበኩሌ ይህ እንደ በረከት ነው የምቆጥረው። ለዚያ ደግሞ የአደጋ ግምገማ ማን ይሞላል?

የቪጊልያ እራት እንዴት ይዘጋጃል?

ቪጊልያ የገና ዋዜማ ማዕድ ነው። ትክክለኛው ቀን ዲሴምበር 24 ነው፤ ያን ቀን ግን ተማሪው ሁሉ ቤቱ ነው። ስለዚህ ማኅበራት በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንታት ያደርጉታል። አዳራሹን በኦክቶበር ካልያዛችሁ የሌሎች ማኅበራት የገና ድግስ ቀድሞ ይወስደዋል።

በወጉ ማዕዱ የሚጀመረው የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ነው። ከጨርቁ ሥር ጭድ ይነጠፋል። ላልታሰበ እንግዳ አንድ ባዶ ቦታ ይተዋል። ምግቡ አሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሥጋ የለውም። ባርሽች የሚሉት የቀይ ሥር ሾርባ ኡሽካ ከሚባሉ በእንጉዳይ ከተሞሉ ትናንሽ ሊጦች ጋር ይቀርባል። ካርፕ ዓሣ፣ ሄሪንግ፣ ጎመንና እንጉዳይ ያለበት ፒየሮጊ፣ የፓፒ ፍሬ ጣፋጭ፣ ከደረቁ ፍራፍሬዎች የተፈላ ኮምፖት ይከተላሉ።

አሥራ ሁለቱን በተማሪ ወጥ ቤት ለማብሰል የሚነሣ ጎበዝ በየዓመቱ አይጠፋም። ተዉት በሉት። ኡሽካውንና ፒየሮጊውን ከፖላንድ ሱቅ በበረዶ የቀዘቀዘውን ግዙ። ባርሽቹን በጠርሙስ የሚሸጠውን ግዙና በነጭ ሽንኩርት አስተካክሉት። ሄሪንጉ በብልቃጥ ነው። ኮምፖቱና ዳቦው ራሳቸው ከአሥራ ሁለቱ ይቆጠራሉ፤ አያቶችም ቢሆኑ እንደዚያ ነው የሚቆጥሩት። አንድ ምግብ ብቻ በእጃችሁ ሥሩ፣ ቤቱ የምግብ ሽታ እንዲኖረው። የብሪታንያ ሕግ 14 አለርጂ አምጪ ምግቦችን ለይቶ ዘርዝሯል። ስንዴ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሴለሪ እዚህ ማዕድ ላይ በብዛት ስለሚገኙ በየሳህኑ ፊት ወረቀት አድርጉ። ዩኒየኑ የምግብ ንጽሕና ሥልጠና የወሰደ ሰው ሊጠይቅም ይችላል።

የሀበሻ ጓደኛ ስትጋብዙ «የጾም ምግብ ነው» ብላችሁ አትሸውዱት። ሥጋ የለውም ማለት እንጂ ቅቤና ክሬም አለበት፤ ዓሣማ የማዕዱ ንጉሥ ነው። የእኛ የነቢያት ጾም ደግሞ ልክ ያን ሰሞን ነው የሚውለው። ለሚጾም ሰው ጎመኑን በዘይት አብስሉ፣ ፒየሮጊውንም ቅቤ ሳይነካው ለይታችሁ አስቀምጡ። የፒየሮጊውን ሊጥ ግን ማሸጊያው ላይ አንብቡ፣ እንቁላል ያለበት አለ።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ኦፕዋቴክ ነው። የልደት ሥዕል የታተመበት ስስ ነጭ ቂጣ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይዞ ይዞራል። ከሌላው ይቆርሳል፣ ሌላውም ከእሱ ይቆርሳል፣ በመሃል ምኞት ይለዋወጣሉ። ምኞቱ «መልካም ገና» ብቻ አይደለም። «ፈተናህን እለፍ፣ እናትህ ትዳን፣ ያቺ ልጅ እሺ ትበልህ» ዓይነት ነው። ያላወቀ እንግዳ ቂጣውን አፉ ውስጥ ከትቶ ይጨርሰውና ባዶ እጁን ይቆማል። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ ለሁለት ደቂቃ ያስረዳ። የማያምን ወይም የሌላ ሃይማኖት ሰው ካልፈለገ አይገደድ። ኦፕዋቴኩን በአቅራቢያችሁ ካለ የፖላንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሱቅ ታገኛላችሁ።

በዝግጅቶች ላይ በምን ቋንቋ እናውራ?

አንድ እንኳ ፖላንድኛ የማይሰማ ሰው ካለ መድረኩ በእንግሊዝኛ ይሁን። ማስታወቂያው በሁለቱም። ይህን ስል የሚቆጡ አሉ፤ «ታዲያ የፖላንድ ማኅበር መሆኑ ምኑ ላይ ነው?» ይላሉ። ለእነሱም በሳምንት አንድ ማታ ካፌ ውስጥ ፖላንድኛ ብቻ የሚወራበት ጠረጴዛ ያዙ። እዚህ ያደጉት ልጆች ስሕተታቸውን ሳይፈሩ የሚያወሩበትም ይሆናል። የዋትሳፕ ግሩፑን ግን ማንም ሊገዛው አይችልም፤ እንደፈለገው ይሁን።

ቮድካስ?

ዝግጅቱ ሁሉ ቮድካ ከሆነ ግማሹ ተማሪ አይመጣም። አዲስ አባልን በመጠጥ መፈተን በዩኒየኖች ዘንድ ክልክል ነው፤ ማኅበር ያዘጋል።

ፖለቲካ ቢነሣስ?

ይነሣል። ፖላንዳውያን በምርጫ ጉዳይ ቀዝቃዛ አይደሉም። በኦክቶበር 2023 የፓርላማ ምርጫ ከመራጮች 74 ከመቶ ያህሉ ወጥቶ ድምፅ ሰጥቷል። በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ተቃራኒ ፓርቲ የሚደግፉ ሁለት ሰዎች ማየት የተለመደ ነው። ዩኒየኖች በአብዛኛው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆነው ስለተመዘገቡ ማኅበሩ ለፓርቲ መቀስቀስ አይችልም። ውጭ አገር ያለ ዜጋ እንዴት ተመዝግቦ እንደሚመርጥ መንገር ግን ይቻላል፣ ይጠቅማልም።

ከምርጫ ይልቅ የሚከብደው ታሪክ ነው። የፖላንድና የዩክሬን፣ የፖላንዳውያንና የአይሁድ ታሪክ ውስጥ ያልደረቁ ቁስሎች አሉ። በ2022 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲስፋፋ የፖላንድና የዩክሬን ተማሪዎች ጎን ለጎን እርዳታ አሰባስበዋል፤ ያ ማለት ግን ስለ 1943ቱ፣ ቮሊን በተባለው ክልል የዩክሬን ታጣቂዎች ፖላንዳውያንን ስለጨፈጨፉበት ዓመት፣ አይጨቃጨቁም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ርዕስ ካነሣችሁ የታሪክ መምህር ጋብዙ። የውጭ ተናጋሪ የማስፈቀጃ ቅጹም ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በዋዜማው አትጀምሩት።

አባላቱን ወዴት ይዘን እንሂድ?

ለንደን ሃመርስሚዝ ውስጥ ፖስክ የሚባለው የፖላንድ የማኅበራዊና የባህል ማዕከል አለ። ቤተ መጻሕፍት፣ ቲያትርና የጃዝ ካፌ አለው። ሳውዝ ኬንሲንግተን ደግሞ በ1939 የተመሠረተው ኦግኒስኮ ክለብ ይገኛል። በምዕራብ ለንደን ኖርትሆልት አጠገብ የፖላንድ አብራሪዎች መታሰቢያ ቆሟል። በ1940 ብሪታንያን በሰማይ ከተከላከሉት አንዱ የሆነው የፖላንዳውያን ተዋጊ አውሮፕላኖች ቡድን፣ 303ኛው ስኳድሮን፣ ይበር የነበረው ከኖርትሆልት ነው።

ስኮትላንድ ያሉት የበለጠ ዕድለኛ ናቸው ባይ ነኝ። ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ1941 እስከ 1949 የፖላንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። አገራቸው በጀርመን እጅ ሳለች፣ ዩኒቨርሲቲዎቻቸውም ተዘግተው ሳለ፣ እዚያ ሐኪም ሆነው የተመረቁ አሉ። ከዚያ ወጥታችሁ ፕሪንሰስ ስትሪት መናፈሻ ከሄዳችሁ ደግሞ የቮይቴክን ሐውልት ታያላችሁ፤ ከፖላንድ ወታደሮች ጋር የዘመተው ድብ። ለፎቶ እሱን የሚያህል የለም።

በብሪታንያ ያሉ የፖላንድ ተማሪ ማኅበራት የጋራ ፌዴሬሽንና ኮንግረስም አላቸው። ሂዱ። ስፖንሰር ፍለጋም የሌላውን ልምድ መስረቂያም እዚያ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ነገር አለ?

አለ፣ ከሀበሻ ማኅበር ጋር አንድ ማታ ለማዘጋጀት የሚበቃ። ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አማርኛና ግዕዝ ለረጅም ጊዜ ተጠንቷል። የዘርፉን መሠረት ከጣሉት አንዱ ፕሮፌሰር ስቴፋን ስትሬልሲን ናቸው። ከ1968ቱ የፀረ አይሁድ ዘመቻ በኋላ ከፖላንድ ወጥተው በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። እዚያው ከተማ ጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የግዕዝ ብራናዎች ካታሎግ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። እኛ የሰባ ሰባቱ ድርቅ በምንለው ጊዜ ደግሞ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ከነአብራሪዎቻቸው መጥተው በእርዳታው ሥራ ተሰማርተው ነበር። ይህን ለሁለቱም ወገን ልጆች ስነግር አብዛኞቹ ሰምተውት አያውቁም።

ማኅበራት ለምን ይሞታሉ?

በጠብ የሞተ ጥቂት ነው። በጁን ነው የሚሞቱት። ጎበዙ ፕሬዚዳንት ይመረቃል፣ ስልኩን ይቀይራል፣ በሴፕቴምበር የአዳራሹን ቅጽ የት እንደሚሞሉ የሚያውቅ አይገኝም። የተማሪ ማኅበር በየዓመቱ ባለቤት ይቀይራል። ቪጊልያው ምንም ያህል ቢያምር፣ ያልተጻፈ ነገር ለሚቀጥለው ኮሚቴ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ ምርጫውን በማርች ጨርሱ። አሮጌውና አዲሱ ኮሚቴ ሁለት ወር አብረው ይሥሩ፤ የሜይ 3ን ትንሽ ዝግጅት ለአዲሶቹ ስጧቸውና አሮጌዎቹ ወንበር ያንሡ። የማኅበሩ ኢሜይል የማኅበሩ ይሁን፣ የማንም የግል አይሁን። አንድ የጋራ ፎልደር ክፈቱና የይለፍ ቃሎች የት እንደተቀመጡ፣ ፒየሮጊው ከየትኛው ሱቅ በስንት እንደተገዛ፣ ስንት ሰው ተመዝግቦ ስንት እንደመጣ፣ የቆንስላው መልስ ስንት ሳምንት እንደወሰደ ጻፉ። ያልተሳካውንም ጻፉ። ዝግጅት ባለቀ በማግስቱ ካልተጻፈ መቼም አይጻፍም።

አንደኛ ዓመት ተማሪን ኮሚቴ ውስጥ አስገቡ። ሁሉም የመጨረሻ ዓመት ከሆኑ ሁሉም በአንድ ቀን ጋዋን ለብሰው ይሄዳሉ።

ፖላንድኛ አልችልም፤ መወዳደር እችላለሁ?

የመተዳደሪያ ደንቡን እዩ፤ በአብዛኛው ክፍያ የፈጸመ አባል መሆን ይበቃል። ለፕሬዚዳንትነት ቋንቋው ይረዳል፣ ቆንስላ ደውሎ የሚያወራ ሰው ያስፈልጋልና። ለገንዘብ ያዥነት ግን ማንም አይከራከራችሁም። ቦታው ብዙ ጊዜ ተወዳዳሪ የለውም።